ልጆች እናትና አባት ሆነው ሲጫወቱ

ከጥምቀት በዓል በኋላ በነበረው ሳምንት አንዲት የምናውቃቸው እናት ወደ እኛ መጥተው አንድ ነገር አማከሩን። የስድስት ዓመት ልጃቸው የጫማ ካርቶን በነጠላ ሸፍኖ በራሱ ላይ ተሸክሞ፥ አንዱ የጎረቤት ልጅ የተሰበረ ጃንጥላ ይዞለት፥ ሌላው የወተት ጣሳ እንደ ከበሮ እየመታ፥ ሴቶቹ ልጆች እልል እያሉ በግቢው ውስጥ ወዳለው የውኃ ቧንቧ ሲወርዱ አገኟቸው። እናቲቱም «በታቦት ቀለደ» ብለው ደነገጡ፤ ካርቶኑን ነጥቀው ልጁን በኵርኵም መቱት፥ የቀሩትንም በየቤታቸው በተኗቸው። ማታ ግን ልጁ ራቱን አልበላም አለ። «እኔ እኮ ቄስ ነበርኩ፤ ቄስ ይመታል እንዴ?» ብሎ አለቀሰ። እናቲቱ ወደ እኛ የመጡት ይህ ቃል እንቅልፍ ነሥቷቸው ነው። «ያጠፋው እርሱ ነው ወይስ እኔ?» አሉን።

ለእኒህ እናት በቃል የሰጠናቸውን መልስ በዚህ ወር ዓምዳችን አስፍተን ልንጽፈው ወደድን፤ ነገሩ የአንድ ቤት ነገር አይደለምና። ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ የማስመሰል ጨዋታ አለ። ልጁ ቄስ ይሆናል፥ ሐኪም ይሆናል፥ ሾፌር ይሆናል፥ ሙሽራ ይሆናል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን እናትና አባት ይሆናል። ወላጆች ይህን ሲያዩ አንዳንዶቹ ይሥቃሉ፥ አንዳንዶቹ «ቤቱን አታምሱት» ብለው ያባርራሉ፥ አንዳንዶቹም እንደ እኒህ እናት ይደነግጣሉ። ተቀምጦ የሚያዳምጥ ግን ጥቂት ነው።

አስቀድመን የእናቲቱን ጥያቄ እንመልስ። ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 7 ቀን የምታስበው ቅዱስ አትናቴዎስ ገና ልጅ ሳለ የሆነውን ስንክሳሩ ይተርካል። ወላጆቹ አረማውያን ነበሩ። የክርስቲያን ልጆች ተሰብስበው ከመካከላቸው ቀሳውስትና ዲያቆናት መርጠው፥ አንዱንም ኤጲስ ቆጶስ አድርገው፥ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት እያስመሰሉ ሲጫወቱ አያቸው። አብሯቸው ለመጫወት ቢለምን «አንተ አረማዊ ነህ» ብለው ከለከሉት። ክርስቲያን እሆናለሁ ባላቸው ጊዜ ግን ተቀበሉት፤ የሁሉም የበላይ አድርገውም በከፍታ ቦታ አስቀመጡት። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አባ እለእስክንድሮስ በዚያ ሲያልፍ አየውና ይህ ልጅ ለታላቅ ነገር እንደሚደርስ ለተከተሉት ሰዎች ነገራቸው። ሩፊኖስ የተባለው የጥንት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ደግሞ ታሪኩን በሌላ መልክ ጽፎታል፤ በእርሱ አተራረክ ልጆቹ በባሕር ዳር ሆነው የጥምቀትን ሥርዓት ሲያስመስሉ ነው ሊቀ ጳጳሳቱ ያያቸው። የታሪክ ሊቃውንት ዘመኑን እየቈጠሩ ስለ ዝርዝሩ ይከራከራሉ፤ እኛ በዚያ ክርክር አንገባም። ያ ልጅ አድጎ በ328 ዓመት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት እንደ ሆነ፥ ለአገራችንም ፍሬምናጦስን፥ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፥ ጳጳስ አድርጎ ሾሞ እንደ ላከልን ግን የታወቀ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ልብ በሉ፤ በሩፊኖስ ታሪክ ሊቀ ጳጳሳቱ ዱላ አላነሣም። ልጆቹን አስጠራቸው፥ ምን ትጫወቱ ነበር ብሎ ጠየቃቸው፥ የመለሱለትንም በጥንቃቄ ሰማ። እኒያ እናት ከቧንቧው አጠገብ ሊያደርጉት የሚገባቸው ይህንኑ ነበር።

እርግጥ ነው፥ ወሰን አለው። የተባረከ መስቀል፥ የጸሎት መጽሐፍ፥ ጠበል የሚቀዳበት ዕቃ መጫወቻ አይሁን። ይህን ግን ልጁን ሳይመቱ «ይህ የጸሎት ነው፥ ያ የጨዋታ ነው» ብሎ መለየት ይቻላል፤ ልጅም ልዩነቱን ከምናስበው በላይ ቶሎ ይረዳል። ካርቶኑ ካርቶን መሆኑን ከእናቱ ይልቅ እርሱ ያውቃል።

ጌታችን ራሱ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ላይ በገበያ ተቀምጠው ስለሚጫወቱ ልጆች ተናግሯል። አንዱ ወገን ዋሽንት ሲነፋ ሌላው አይዘፍንም፤ አንዱ ሙሾ ሲያወርድ ሌላው አያለቅስም። እነዚያ ልጆች የሚጫወቱት ሠርግ ሠርግና ለቅሶ ለቅሶ መሆኑን ያስተዋለ ሰው ስንቱ ነው? የኛም ልጆች እስከ ዛሬ ድረስ በየደጁ የሚጫወቱት ይኸንኑ ነው። በዚያም ታሪክ ውስጥ እንደኛ ግቢ ሁሉ «አልጫወትም» ብሎ ያኰረፈ ልጅ አለበት።

አሁን ወደ ጨዋታው እንግባ። ሕፃን ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆነው ባዶ ሲኒ አንሥቶ የጠጣ ያስመስላል። ቈይቶ ደግሞ ሲኒውን ወደ አሻንጉሊቱ አፍ ያቀርባል። ከዚያ ከሦስት ዓመት እስከ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ጨዋታው ያብባል፤ ልጁ ብቻውን መሆኑን ትቶ ከሌሎች ጋር «አንተ እንዲህ ሁን፥ እኔ እንዲህ ልሁን» እያለ ይስማማል። ዕቃ ዕቃ የምንለው ይህ ነው። የቆርኪ ሲኒ፥ የጭቃ እንጀራ፥ የበቆሎ ቆረቆንዳ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተሠራ ሕፃን፤ ለዚህ ጨዋታ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። እንዲያውም ከሱቅ የተገዛው፥ ሲጫኑት የሚናገረውና የሚዘፍነው አሻንጉሊት ለዚህ ነገር ከቆረቆንዳው ያንሳል እንላለን፤ ሁሉን እርሱ ከተናገረው ለልጁ የሚቀርለት ምንድር ነው?

በ1896 ተወልዶ በ1934 የሞተው ሌቭ ቪጎትስኪ የተባለ በሩሲያ የኖረ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1933 ባሰማው ትምህርት ስለዚህ ጨዋታ አንድ ነገር ገልጧል። ሰዎች የማስመሰል ጨዋታ ልቅ ነው፥ ልጁ የፈለገውን የሚያደርግበት ነው ይላሉ። ቪጎትስኪ ግን በተቃራኒው ሕግ ያለበት ጨዋታ ነው ብሎ አሳየ። እናት የሆነች ልጅ እንደ ልቧ መሆን አትችልም፤ እናት እንደምትሆነው መሆን አለባት። ለዚህም ምሳሌ አድርጎ ያቀረበው «እስኪ እኅትማማች ሆነን እንጫወት» ያሉትን የአምስትና የሰባት ዓመት እኅትማማቾች ነው። እኅትማማች መሆናቸው እውነት ነው፤ በየዕለቱ ግን አያስቡትም። በጨዋታው ጊዜ ግን እጅ ለእጅ ተያያዙ፥ አንድ ዐይነት ለመልበስ ፈለጉ፥ ይህ የእኛ ነው፥ ያ የሌሎች ነው ተባባሉ። በሕይወት ሳያስቡት የኖሩበትን ነገር በጨዋታ ጊዜ አሰቡት። ስለዚህ ቪጎትስኪ በጨዋታ ውስጥ ያለ ልጅ ከዕለት ጠባዩ ከፍ ብሎ ይገኛል ብሎ አስተማረ።

ማኑይሌንኮ የተባለች የዚያው አገር ተመራማሪ ደግሞ በ1948 ባወጣችው ጥናት ሕፃናትን «ሳይነቃነቁ ቁሙ» ብሎ በማዘዝና «ዘብ ጠባቂ ናችሁ» ብሎ በማቆም መካከል ያለውን ልዩነት መረመረች። ዘብ የሆኑት እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። ይህን ለማመን ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በማዕድ አምስት ደቂቃ መቀመጥ የማይችል ልጅ በዕቃ ዕቃ «እንግዳ» ሆኖ ሲጠራ አቦሉን፥ ቶናውንና በረካውን፥ ሦስቱንም የጭቃ ቡና እስኪጨርስ ድረስ እጁን ሰብስቦ ሲቀመጥ ያላየ ማን አለ? «በቃኝ፥ ይስጥልኝ» ማለትንም አይረሳም። ያው ልጅ ነው፤ ሥራው ግን ተለውጧል።

እንግዲህ ሕግ ያለበት ጨዋታ ነው ካልን፥ ሕጉን ልጁ ከየት ያገኘዋል? ከቤቱ ነው። ይህም ነገር ለወላጅ የሚከብድበት ቦታ እዚህ ላይ ነው።

አንድ የምናውቀው ቤት አለ። አባትየው በሥራው የተመሰገነ፥ በዕድሩ የተከበረ፥ በሰንበት ከቤተ ክርስቲያን የማይቀር ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ የአምስት ዓመት ሴት ልጁና የጎረቤት ወንድ ልጅ በረንዳው ላይ ይጫወቱ ነበር። ልጅቱ ቆረቆንዳዋን አዝላ «አንተ አባት ሁን፥ ከሥራ ና» አለችው። ልጁ ገባና «እንዴት ዋላችሁ» አለ። «እንደሱ አይደለም» አለች ልጅቱ። «መጀመሪያ በሩን ድው ታደርገዋለህ። ከዚያ ‹ራቴስ?› ትላለህ። እኔ ዝም እላለሁ። ከዚያ ‹አንቺን እኮ ነው!› ትላለህ።» ልጁ ግራ ገባው፤ የእርሱ አባት እንዲህ አይልምና። ልጅቱም ልክ እንደ መምህር በትዕግሥት ታስጠናው ጀመር፤ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ድምፁን፥ የጣቱን አቀሳሰር፥ ቍጣው ካለፈ በኋላም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቴሌቪዥን መክፈቱን። «ሕፃኑስ ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠየቀ ልጁ። «ሕፃኑ አልጋ ሥር ይገባል» አለችው።

አባትየው ይህን ሲነግረን በመጀመሪያ ሥቄ ነበር አለ፤ አልጋው ላይ ሲደርሱ ግን ጋዜጣው በእጄ እንደ ተያዘ ቀረ አለን። ልጅቱ ከአልጋ ሥር የምትገባ መሆኗን እስከዚያች ሰዓት አያውቅም ነበር። ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት ገብቶ ስለ ድኻው ሰው በግ በነገረው ጊዜ ዳዊት ፈረደ፤ የተፈረደበትም ሰው ራሱ መሆኑን በኋላ ሰማ። ልዩነቱ ናታን አስቦ መምጣቱ ነው። ልጅ ግን ማንንም ልገሥጽ ብሎ አይጫወትም።

ይህ አባት ያደረገው ነገር ያስመሰግነዋል። ልጅቱን አልተቈጣትም፥ «የቤታችንን ነገር ለሰው አወጣሽ» አላላትም። በማግሥቱ እሑድ ልጅቱ ብቻዋን ስትጫወት አጠገቧ ተቀምጦ «እኔስ ምን ልሁን?» አላት። «ሕፃኑን» አለችው። እርሷ አባት ሆነች። በሩን ድው አድርጋ ገብታ ጣቷን ቀስራ ጮኸች። እርሱም እንደ ተማረው ከአልጋው ሥር ለመግባት ሞከረ፤ ትልቅ ሰው ነውና ግማሹ ውጭ ቀረ። ከዚያ ሆኖ «ፈራሁ» አለ። ልጅቱ መጮኋን ትታ ጎንበስ ብላ አየችው። «ሕፃኑ ፈራ እንዴ?» «አዎን።» «ና ውጣ በቃ፤ አልቈጣም» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው ቍጣ የሚባል አያውቅም ብለን አንጽፍም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ እሑድ አይለቅም። ባለቤቱ የነገሩን ግን ማታ ሲገባ ከበሩ ውጭ ጥቂት እንደሚቆም ነው።

ብዙ ወላጆች «ታዲያ ይህን ጨዋታ እንዴት አድርገን ልጆቻችንን ለመርዳት እንጠቀምበት?» ይሉናል። ዋናው ምክራችን ወላጅ ወደ ልጁ ጨዋታ ሲገባ እንደ እንግዳ ይግባ የሚል ነው። እንግዳ «ቤቶች!» ይላል፥ የተሰጠው ቦታ ላይ ይቀመጣል፥ የቀረበለትን ይቀምሳል። ሣራ ስሚላንስኪ የተባለች ተመራማሪ በ1968 በታተመው ጥናቷ ከልዩ ልዩ አገሮች ወደ እስራኤል ከገቡ ቤተ ሰቦች የተወለዱ፥ እንዲህ ያለውን ጨዋታ እምብዛም የማይጫወቱ ሕፃናትን ተመልክታ፥ ትልቅ ሰው ገብቶ ቢያግዛቸው ጨዋታቸው እንደሚሰፋና እንደሚበለጽግ አሳይታለች። እገዛው ግን ማዘዝ አይደለም። «ሕፃኑ ራበው መሰለኝ፥ ምን እንስጠው?» ማለት እገዛ ነው። «እንደዚህ አይደለም የሚታዘለው፥ አምጪው» ማለት ግን ጨዋታውን መግደል ነው። በጨዋታው ላይ መሣቅም አይገባም፤ በተለይ እንግዳ በመጣ ጊዜ «እስኪ ያን የቄሱን አድርገህ አሳያቸው» እያሉ ልጁን የሣሎን መጫወቻ ማድረግ እጅግ ያስቀይመናል።

አዲስ ሕፃን የተወለደበትን ቤት እንመልከት። የአራት ዓመቱ ታላቅ ልጅ ሰው ሲያየው የእኅቱን እግር ይስማል፥ ሰው ዞር ሲል ይቈነጥጣታል። «ወደ ሐኪም ቤት እንመልሳት» ይላል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ነውር ነው፥ እኅትህን ትወዳታለህ እንጂ» የሚል ነው፤ ልጁም መቈንጠጡን በድብቅ ይማራል። በአንድ ቤት ያየናቸው አያት ያደረጉት ግን ሌላ ነበር። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በመደብ ላይ ተጋደሙና «እኔ አሁን የተወለድኩ ሕፃን ነኝ፤ እማዬ ወዴት ነሽ?» አሉ። ልጁ ሣቀ። ከዚያ እናት ሆነ፤ ጡጦ አመጣ፥ «እሹሩሩ» አለ፥ እንቅልፍ አልወስድ ሲላቸው «ዝም በይ፥ ደከመኝ እኮ!» ብሎ እናቱ እንደምትለው አለ። ጥቂት ቈይቶ ጡጦውን ጣለና «አሁን ደግሞ እኔ ሕፃን ነኝ» ብሎ ከአያቱ ጭን ላይ ወጣ። አያቲቱም ወገባቸው እያመማቸው ግማሽ ሰዓት ያህል እሹሩሩ አሉት። ልጁ የቀረበት ነገር ምን እንደ ነበረ ከዚህ በላይ ማን ሊናገር ይችላል? እኒያ አያት የሥነ ልቡና መጽሐፍ ከፍተው አያውቁም።

ትምህርት ቤት ለሚገባ ልጅም ይኸው ይረዳል። ከመክፈቻው በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት በቤት ውስጥ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት መጫወት ነው። ልጁ መምህር ይሁን፥ እናቱ አዲስ ተማሪ ትሁን። እናትየዋ በሩ ላይ ታልቅስ፤ መምህሩ ምን ብሎ እንደሚያባብላት እናያለን። ከሁሉ በላይ ሊለማመዱት የሚገባ ግን ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚረሱት ነገር ነው፤ ይኸውም ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ መጠየቅ ነው። መጠየቅ አፍሮ ልብሱን ያበላሸ ልጅ ያን ቀን ለብዙ ጊዜ አይረሳውም። እጅ ማንሣቱን፥ «እባክዎ መምህር» ማለቱን በቤቱ አሥር ጊዜ በሣቅ ከተጫወተው በአሥራ አንደኛው ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ቃሉ ከአፉ ይወጣል። እንዲሁም «ደኅና ዋል» ብላ ከበር ወጥታ ተመልሳ የምትመጣ እናትን መጫወት መልካም ነው፤ መጀመሪያ ቶሎ ትመለስ፥ ከዚያ ጥቂት ትቈይ። ለመርፌና ለክትባትም እንዲሁ ነው፤ ቆረቆንዳው አስቀድሞ ይወጋ፥ ልጁ ሐኪም ይሁን። ነገር ግን «አያምህም» ብላችሁ አትዋሹት። «ጥቂት ያማል፥ ቶሎ ያልፋል» ብሎ ለሕፃኑ የሚነግረው እርሱ ራሱ ይሁን።

ወንድማማቾች ሲጣሉ ደግሞ ከአባቶቻችን የተቀበልነው አንድ ጨዋታ አለን፤ ሽምግልና። ጠቡ ከበረደ በኋላ፥ በትኩሱ ሳይሆን፥ አንደኛው ልጅ ሽማግሌ ሆኖ በርጩማ ላይ ይቀመጥ፥ የአያቱንም ከዘራ ይያዝ። ጠበኞቹ የራሳቸውን ሳይሆን የየባላጋራቸውን ነገር ይናገሩ፤ ኳሱን የነጠቀው የተነጠቀውን ሆኖ፥ የተነጠቀውም ነጣቂውን ሆኖ። በአንድ ቤት ይህን ስናይ ነጣቂ የነበረው የሰባት ዓመት ልጅ የታናሹን ቦታ ይዞ «ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚሰጡኝ» ብሎ ጀመረና ድንገት ዝም አለ። ሽማግሌው የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ «እሺ፥ ተነጋገሩ፤ ከዚያ ጉልበት ሳሙ» ብላ ፈረደች። ጉልበት መሳሙን ከየት እንዳመጣችው አልገባንም፤ ለኳስ የበዛ ይመስለናል።

በ2017 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናትም ትዝ ይለናል። የአራትና የስድስት ዓመት ሕፃናት አሰልቺ ሥራ ተሰጥቷቸው፥ በማናቸውም ጊዜ ትተው በመጫወቻ መሣሪያ እንዲጫወቱ ተፈቀደላቸው። ከእነርሱም እንደ ባትማን ያለ ጐበዝ ሰው ሆነው፥ ስለ ራሳቸውም በዚያ ስም እየጠየቁ የሠሩት ከሌሎቹ ይልቅ ጸንተው ቈዩ። የኛ ልጆች ባትማን መሆን የለባቸውም፤ ጎልያድን የገጠመው እረኛው ዳዊት አለላቸው። ልጅ ጨለማ ፈርቶ ወደ ጓዳ መግባት ሲያቅተው «ዳዊት ቢሆን እንዴት ይገባ ነበር?» ማለት «አትፍራ» ከማለት የተሻለ ነው።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ግን ነገሩን ከልኩ በላይ አግንነን ልናቀርበው አንፈልግም። አንጀሊን ሊላርድ የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2013 ባወጡት ሰፊ ምርመራ፥ የማስመሰል ጨዋታ ልጅን ብልህ ያደርጋል፥ ጠባዩን ያርማል እየተባለ ከሚነገረው ብዙው በጽኑ ማስረጃ ያልተረጋገጠ መሆኑን አሳይተዋል። ጨዋታው ያመጣው ይሁን፥ ወይስ ከልጁ ጋር የተጫወተው ሰው ፍቅርና ጊዜ ያመጣው ይሁን፥ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። እኛ ይህን ሲሰሙ ከሚከፋቸው ወገን አይደለንም። በአያቲቱ ጭን ላይ ያ ልጅ የተጽናናው በጨዋታው ነው ወይስ በጭኑ ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር መልስ የለንም፤ ጨዋታው ግን ወደ ጭኑ አደረሰው።

ስለ ሐዘንም ጥቂት እንበል። አያቱ የሞተችበት ልጅ ከቀብር በኋላ አሻንጉሊቱን በጨርቅ ገንዞ፥ ከጓሮ ጕድጓድ ምሶ ሲቀብር፥ ደረቱን እየመታ ሲያለቅስ ብታዩት «ሟርተኛ!» ብላችሁ አትምቱት። ሟርት አይደለም። ያን ቀን ትልልቆቹ ሲያለቅሱ እርሱን ወደ ጎረቤት ቤት አሳድረውት ይሆናል፤ የቀረበትን ለቅሶ አሁን እያለቀሰ ነው። አጠገቡ ተቀመጡ። ለቅሶ ደራሽ ሁኑ፤ «እግዜር ያጽናህ» በሉት። ምናልባት አሻንጉሊቱን አውጥቶ መልሶ መቅበር ይፈልጋል፤ ምናልባትም «አሁን ትነሣ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። እዚህ ላይ ጨዋታውን አቁማችሁ እውነቱን በቀላል ቃል መንገር ይገባል፤ አያቱ ተመልሳ ወደዚህ ቤት እንደማትመጣ፥ ትንሣኤ ሙታንን ግን ተስፋ እንደምናደርግ።

ሆኖም አንድ ምልክት አለ፤ ቸል አትበሉት። ልጅ አንድን አስፈሪ ነገር ሳይለውጥ፥ ሳይሥቅ፥ ሳያርፍም ለሳምንታት እየደጋገመ የሚጫወት ከሆነ፤ እንቅልፉም ቢረበሽ፥ ለዕድሜው የማይገባ ነገር በገላው ወይም በሌላ ልጅ ገላ ላይ ቢያሳይ፥ ወይም «ይህን ለማንም አትንገር ተብያለሁ» የሚል ነገር በጨዋታው ውስጥ ቢሰማ፤ ይህ የዕቃ ዕቃ ነገር አይደለም። ልጁን አታስጨንቁት፥ ደጋግማችሁም አትመርምሩት፤ ያላችሁትን እንደ ሰማችሁት ይዛችሁ ወደ ሐኪም ወይም የሕፃናትን ነገር ወደሚያውቅ ባለሙያ ሂዱ። «ጎረቤት ምን ይለናል» የሚለው ሐሳብ እግራችሁን አይሰር። እኛ ይህን የምንለው እግሩ የታሰረበት ቤት ስላየን ነው።

ማስመሰልን የማይወድ ልጅም አለ። ኳስ ይወዳል፥ ድንጋይ መደርደር ይወዳል፥ ጕንዳን ማየት ይወዳል። ተዉት፤ በግድ የሚጫወት የለም። ሦስትና አራት ዓመት አልፎት በጨዋታም፥ በዐይንም፥ በንግግርም ከሰው ጋር የማይገናኝ ከሆነ ግን ሐኪም ቢያየው መልካም ነው።

እኒያ እናት ባለፈው ሳምንት ተመልሰው መጥተው ነበር። ካርቶኑን ለልጁ መልሰውለታል፤ ልጁ ግን ለሦስት ቀን አልነካውም ነበር። በአራተኛው ቀን የጎረቤት ልጆች መጥተው ከበሮው ተጀመረ። እናቲቱ ከቤት ወጥተው ዳር ቆሙ፤ ልጁ አያቸውና ቆመ። ምን እንደሚሉ ስላልታወቃቸው «ጃንጥላ ያዥ ይጐድላችኋል?» አሉ። ልጁ ጥቂት አሰበ። «ጃንጥላውን እሱ ይዟል፤ አንቺ እልል በይ» አላቸው። ጎረቤት ሁሉ በበሩ ብቅ እስኪል ድረስ እልል ማለታቸውን ነግረውን፥ ለከርሞ ጥምቀት የሚሆን አሮጌ ጥላ በቤታችን ተርፎ እንደ ሆነ ጠየቁን።